የግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ኮት

ልብስ ሰፊዋ ከአውቶቡሱ ወርዳ ገና አንድ እግሯን መሬት እንዳሳረፈች፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው ትከሻዋን ገጭቷት አለፈ። ይቅርታ የለ፣ ዞር ብሎ ማየት የለ። ከኋላው ሌላ መጣ፤ ከዚያ ኋላ ደግሞ መቶ። መኪናው ሁሉ ጥሩንባውን የሚነፋው መንገድ እንዲለቀቅለት አይመስልም፤ መንፋት ስለሚወድ እንጂ። ሰው በመኪና በር ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ባልዲ ሻጩና ቁልፍ ሻጩ በጩኸት ይፎካከራሉ፤ በየሱቁ አናት ከተጻፈው ጽሑፍ አንዱም የሚነበብ አይደለም።

«ኧረ ጉድ ነው!» አለች አብራት የመጣችው አክስቷ፣ ሻንጣውን በሁለት እግሮቿ መሃል አጣብቃ። «ይሄ ሁሉ ሰው ቤት የለውም እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ዐይኗ አንድ ሰው ፍለጋ ይንከራተታል።

ያ ሰው አናጢው እጮኛዋ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ወደዚህ ከተማ መጥቶ፣ አሁን ክፍል ተከራይቶ «ነይ» ብሏታል። አባቷ ግን እንዲሁ አልለቀቋትም። «ሴቷን የሚፈልግ ሰው ወጥቶ ይቀበላታል» ብለው ለአክስቷ አስጠነቀቁ። «ጣቢያው ድረስ መጥቶ ከተቀበላት ትቅር። ካልመጣ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ይዘሻት ተመለሺ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን በቤቴ እንዳልሰማ።» አክስቷ ደግሞ ቃል ገባች ማለት ገባች ነው።

የደረሱት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ሦስት ሆነ፤ አራት ሆነ፤ አምስትም አለፈ። የያዘችው ስልክ በዚህ አገር አይሠራም።

«ይመጣል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሱንማ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እየነገርሽኝ ነው።»

«መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል። አታዪውም መንገዱን?»

«ልጄ፣ የወደደ ሰው በጣራም ቢሆን ይመጣል» አለች አክስቷ። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ እግሯ አብጦ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን አዞረች። በዚህ ሁሉ ባዕድ ፊት ማልቀስ አልፈለገችም፤ እንባዋ ግን ወረደ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየተጋፋ ሲያልፍ «ምን ሆንሽ?» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ሰው በሞላበት ብቻ መሆን እንዲህ ነው ለካ!

ስድስት ሰዓት ሲል ኮቱን አየችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ግራጫ ኮት ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ የሰፋችውን አታውቅም? አናጢው ጣውላ ሲሸከም ስለኖረ የግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። ሊሄድ ሲል ይህን ኮት ስትሰፋለት ግራውን ሁለት ጣት ዝቅ አድርጋ ቆርጣው፣ ለብሶት ልክክ ሲልበት በደስታ አጨብጭባ ነበር። አሁን ያው ኮት በሰው መሃል እየተሹለከለከ ይሄዳል።

«አክስቴ፣ መጣ!» ብላ ሰው እየገፋች ሮጠች። ደርሳ ክንዱን ያዘችው። ሰውየው ዞረ።

አናጢው አይደለም። ጢሙ የጎፈረ፣ አይታው የማታውቀው ሰው ነው፤ ኮቱም በላዩ ተንጋዶበታል።

ያኔ አንድ ነገር ብቻ ታያት፤ ገድለውት ነው! ገድለው ገፈውት ነው! ሰውየው በማታውቀው ቋንቋ እየለፈለፈ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሲሰድ ደግሞ ቢላዋ ሊያወጣ መሰላት። አቤት የጮኸችው ጩኸት! ጩኸት አስተርጓሚ አይፈልግም። ዞር ብሎ የማያይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ዞረ፤ ሌባ ነው ብሎ ተረባረበበት። አንዱ በጥፊ፣ ሌላው በቡጢ። ሁለት የጣቢያው ጥበቃዎች መንጭቀው ሲወስዱት አፍንጫው ይደማ ነበር። ኮቱ እሷ እጅ ቀረ።

የደረት ኪሱን ዳሰሰች። ቢላዋ የለም፤ የታጠፈ ወረቀት ነው። ፊደሉ ገና መጻፍ የሚማር ልጅ የጻፈው ይመስላል፤ አነጋገሩ ግን የእሱ ነው።

«ዓለሜ፣ ይህ ሰው አብሮኝ የሚሠራ ነው፤ ወንድሜ በዪው። ቋንቋችንን አይችልም፣ ፊቱንም አታውቂው። ስለዚህ ኮቴን አለበስኩት፤ ከሺህ ኮት መሃል የእጅሽን ሥራ እንደምትለዪ አውቃለሁ። ዝም ብለሽ ተከተዪው። እኔ ለምን እንዳልመጣሁ ስትደርሺ ታያለሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! መንገዱን የሚያውቀውን አንድ ሰው በገዛ አፏ አስደበደበችው።

«ሲሮጡ የታጠቁት...» ብላ አክስቷ ጀመረች፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ግን ተረቱን ሳትጨርስ ዋጠችው።

ወደ ጥበቃዎቹ ክፍል ሮጡ። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አሳየች፤ ማን ያንብበው? ኮቱን አሳየች፤ ደረቷን መታች፤ በመጨረሻ የሰውየው እግር ላይ ወድቃ «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» እያለች ተንሰቀሰቀች። ጥበቃዎቹ ተያዩ፤ አንደኛው ራሱን እየነቀነቀ በሩን ከፈተ። ሰውየው ግን ቶሎ አልተነሳም። ደሙን በእጁ ጠረገ፤ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ከመሬት አነሳትና ተከተዪኝ አላት በእጁ።

አናጢው ከሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ጓሮ ያለችው ክፍል ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። አናጢው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ተላጭቷል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ተጋድሟል፤ ከፋሻው ብቅ ያለው አውራ ጣቱ ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ኮቱን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆመች።

«መጋዝ ነው» አለ ዐይኑን ሳያነሳ። «ሃያ ቀኑ። አራቱም ሄዱ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ደግሞ መምጣትሽን ፈራሁ። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ፤ እሱን የላክሁት ከረፈደ ነው። በዚህ እጅ እንዴት ልቀበልሽ?»

ወደ አክስቷ ዞረ። «ይዘዋት ይሂዱ። ጣቢያ አልመጣሁም፤ የአባቷ ቃል ይጠበቅ። አባቷ የሰጡኝ አናጢ ነው ብለው ነው። እኔ አሁን የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ የሚቆልፍልኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

አክስቷ ሰዓቷን አየች። «ልጄ፣ አሁን ካልተነሳን አንደርስም» አለች፤ ድምጿ እንደ ጠዋቱ አልነበረም። «አባትሽን ታውቂያቸዋለሽ። እምቢ ብለሽ ከቀረሽ ያ ቤት ለአንቺም ተዘጋ ማለት ነው። እናትሽንም ዳግም አታዪያትም።»

የእናቷ ነገር ሲነሳ ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ አልጋው ላይ ከጎኑ ተቀመጠችና በፋሻ የተጠቀለለውን እጅ ቀስ ብላ ወደ ጭኗ ሳበችው።

«ተዪው» አለ።

«ያምሃል?»

«አያምም።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

አናጢው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። እሷ ግን እጁን አለቀቀችም።

«አክስቴ» አለች ቀና ሳትል፣ «አንቺ ተነሺ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ።»

አክስቷ የልጅቷን ሻንጣ ከበሩ አንስታ አልጋው ሥር አስገባችላት፤ ሁለቱንም ግንባራቸውን ስማ ብቻዋን ወጣች።