በቀኝ ትከሻ ላይ ያለ ሰንበር

አስከሬኑን ከአንኮበር ገደል በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ሟቹ ማርቲን የተባለ ዴንማርካዊ ነው፤ ከሚስቱ ጋር ለዕረፍት መጥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ መኪና ተከራይቶ ራሱ እየነዳ አገር የሚያይ ሰው ነበር። ነጯ መኪና ገደሉ ሥር ተጨፍልቃለች። እሱ የተገኘው ከመሪው ጋር ተጣብቆ፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሶ ነው።

ከላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ወለተሐና የምትባል ሴት ሞታ ተገኝታለች። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ የምትኖር፣ ለገብስ አጨዳ ወደዚህ የመጣች ሴት ናት። አጠገቧ ያለው ቋጥኝ ላይ ነጭ ቀለም ተፍቆበታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን አዲሱ። «ፈረንጁ ገጫት፤ ከቋጥኙ ጋር ተላተመ፤ ደንግጦ ሲሸሽ ገደል ገባ።»

ኢንስፔክተር እማዋይሽ ግን የሟቿ ጭን ላይ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረውን ሰማያዊ የአንገት ልብስ እያየች ነበር። ገጭቶ የሸሸ ሰው ቁስል አያስርም። ወደ ማርቲን ተመልሳ ሸሚዙን ገለጠችው። ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ጎኑ የሚወርድ የጠቆረ ሰንበር አለ። የሱሪው ጉልበቶች ጭቃ ጠጥተዋል።

«የመኪናዋን መሣሪያዎች አይተሃል?»

«ክሪኩ አለ። የጎማ መፍቻው ግን የለም።»

ሚስትየዋ ኢንግሪድ ባረፉበት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች። አስጎብኚያቸው ኪዳነወልድ ያስተረጉምላታል። አዲሱ በሩ ላይ «እሷና አስጎብኚው ሳይዋደዱ አይቀርም ይባላል» ሲል አንሾካሾከ።

«ትናንት ለምን ብቻውን ወጣ?» አለች እማዋይሽ።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልይዝ እያለው ነበር» አለ ኪዳነወልድ፣ የሴትየዋን ቃል እየተከተለ። «ለባለመኪናው ሲደውልለት ‹መጣሁ፣ መንገድ ላይ ጠብቀኝ› ብሎታል ትላለች።»

«አንተስ?»

«ራሷን አሟት ስለነበር እዚሁ ቀረሁ። ምን እንደሚወራብን አውቃለሁ።»

የአንገት ልብሱን ስታሳያት ኢንግሪድ ነጥቃ ፊቷ ላይ አደረገችው። የባሏ ነው።

ባለመኪናው አቶ ወርቅአገኘሁ ጠዋት ደርሶ ግቢው ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰውየው ግን ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል ከማድረግ በቀር እጅጌውን አላጠለቀም።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«አዲስ አበባ፣ ቤቴ።»

«ስለ ፍሬኑ ደውሎልዎት ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! መኪናዬ አንድም እንከን የላትም። መንዳት ሳይችሉ እየተከራዩ ጨረሱን እኮ!»

«ጃኬትዎን ለምን አይለብሱትም? ይበርዳል።»

«ለምጄዋለሁ» አለና ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ፖሊስ ጣቢያ ሰበሰበቻቸው። የወለተሐና ባል ኃይለ ገብርኤልም ጥግ ላይ ቆሟል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ቀበቶ» አለች እማዋይሽ፣ «ሾፌሩን በግራ ትከሻው፣ አጠገቡ የተቀመጠውን በቀኝ ትከሻው በኩል ነው የሚይዘው። የማርቲን ሰንበር በቀኝ ነው። መኪናዋ ከቋጥኙ ጋር ስትላተም የሚነዳው ሌላ ሰው ነበር። ማርቲን ወርዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ የሴትየዋን ቁስል በገዛ ልብሱ አሰረ። ያን ጊዜ ነው ከኋላው በጎማ መፍቻ የተመታው። ከዚያ የመታው ሰው መሪው ጋ አስቀምጦት መኪናዋን ወደ ገደሉ ለቀቃት። ማን? ማርቲን ሊያገኘው የወጣው ሰው ነዋ! የዚያ ሰው ሰንበር ደግሞ በግራ ትከሻው ነው የሚሆነው። አዲሱ፣ የአቶ ወርቅአገኘሁን ጃኬት አንሳ።»

ወርቅአገኘሁ ዘሎ ተነሣ። አዲሱን በግንባሩ መትቶ አፍንጫውን ሰበረው፤ በሩ ጋ ሲደርስ ኪዳነወልድ ግራ ትከሻውን ጨመደደው። ሰውየው እንደ በሬ አጓርቶ ተንበረከከ። ሸሚዙ ሲቀደድ ሰንበሩ ጠቁሮ ታየ።

«ፍሬኑ ደህና መሆኑን ላሳየው ብዬ ነው መሪውን የያዝኩት» አለ እያለከለከ። «አልያዘልኝም። ሴትየዋን ገጨኋት። ‹ጥለናት እንሂድ› ስለው እምቢ አለኝ! ‹ሐኪም ቤት እንውሰዳት፣ ለፖሊስም እንናገር› አለ። መታሁት። ሊነሣ ሲል ደገምኩት።»

ኃይለ ገብርኤል ከጥጉ ወጣ። «ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች?»

ወርቅአገኘሁ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ይመልሱለት» አለች እማዋይሽ።

«ነበረች። ውሃ ትለምን ነበር።»

ፖሊሶቹ ሊይዙት ተጠጉ። ኃይለ ገብርኤል ግን ገዳዩን አልፎት ሄዶ ኢንግሪድ ፊት ቆመ።

«ንገርልኝ፣ ወንድሜ» አለው ኪዳነወልድን። «ሚስቴን ያልጣላት ሰው ባልሽ ብቻ ነው በላት። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስረግመው ነው የዋልኩት። ይቅር በይኝ በላት።»

ኪዳነወልድ አስተረጎመላት። ኢንግሪድ ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ ኃይለ ገብርኤልም ይዟቸው አለቀሰ።