ያልጎደለው የብረት ክምር

ይህን የነገረችኝ ነገሩ የደረሰባት ሴት ራሷ ናት።

ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ አልተንቀጠቀጠችም... ተናዳ ነበር። ያመንኳትም ለዚህ ነው። ሰው ፈጥሮ ሲያወራ እንዲህ አይናደድም።

ታሪኩ ጨለማ የለበትም። ጥቅምት ወር ላይ፣ ዳንግላ ከተማ ውስጥ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው የሆነው።

ሴትየዋ የወርቅውሃ ትባላለች። ዛሬ ከእናቷ ጋር እንጅባራ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የራሳቸው ቤት እያላቸው...

አባቷ አቶ አዝመራው ወፍጮ ጠጋኝ ነበሩ። በየገጠሩ እየዞሩ የወፍጮ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ካቻምና አረፉ። ትተው የሄዱት አንድ ቤትና ግቢ ሙሉ ውዳቂ ብረት ነው።

የተሰበረ የጋሪ ጎማ። በርሜል። የአልጋ ሽቦ። የዛገ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ። ከውጭው በር እስከ ቤቱ ድረስ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም ነበር።

ልጅ ሆና "አባዬ፣ ይሄን ለምን አይጥሉትም?" ስትላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ተይው ልጄ። ይጠቅማል።"

እናቷ ወይዘሮ በቀለች ዳሌያቸው ተሰብሮ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ቅዳሜ ይወጣሉ ተባለ። በተሽከርካሪ ወንበር።

ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ በጎኑ አያልፍም።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አወቀ የሚባለውን ብረት ገዢ ጠራችው። እሷና ባጃጅ ነጂው ወንድሟ ይኸነው ቀኑን ሙሉ ሲጎትቱ፣ አወቀ በጋሪ ሲያመላልስ ዋለ። እጇ ተላጠ። ወገቧ አልታዘዝ አላት። ግን ሲመሽ መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ክምሩም እኩሌታው ጎድሎ ስታይ ደስ ብሏት ተኛች።

ጠዋት በሩን ከፈተች።

መንገዱ የለም።

ክምሩ እንደ ድሮው ሞልቷል። አናቱ ላይ ጎኑ የተጨረማመተ ሰማያዊ በርሜል ጉብ ብሏል። ትናንት መጀመሪያ የተጫነው እሱ ነበር።

ደሟ ፈላ። ስልኳን አነሳች።

"አንተ ሰውዬ ትቀልዳለህ? ካልፈለግከው አልፈልግም አትልም? ሰው ሲተኛ አምጥተህ ትደፋብኛለህ?"

"ምኑን?" አለ አወቀ።

"ብረቱን ነዋ!"

"እህቴ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ብረቱ እኔ መጋዘን ነው ያለው።"

"ውሸታም!"

"ነይና እይዋ!"

ሄደች። ልታዋርደው ነበር የሄደችው። አወቀ በሩን ከፍቶ እያጉረመረመ አስገባት... ሰማያዊው በርሜል ፊት ለፊቷ ቆሟል። ጭርምትምቱ ያው። ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ያው።

ቤት ተመለሰች። እዚያም አለ።

"ሁለት በርሜል ነበረን ማለት ነው" አለች፣ ለራሷም ለይኸነውም።

ይኸነው በርሜሉን ዞሮ ዞሮ አየው።

የዚያኑ ዕለት እንደገና አስጫነች። በማግሥቱ ግቢው ሞልቶ ጠበቃት። እንደገና አስጫነች። እንደገና ሞላ። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር። የወርቅውሃ ግን ተናደደች እንጂ አልፈራችም። ሳምንቱ አልቆባታል፤ ልብሷ ዝገት በዝገት ሆኗል፤ የለፋችው ልፋት በየጠዋቱ ፊቷ ላይ ይሳለቅባታል። "ማን ነው እንዲህ የሚጫወትብኝ?" እያለች ብረቱን በእርግጫ ትለው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አወቀ አንድ ቆርቆሮ ጎትቶ ሊያነሳ ሲል እጁን መለስ አደረገ።

"ንኪው እስኪ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምን ሆነ?"

"ንኪው ብቻ።"

ፀሐይ ገና አልወጣችም። ሳሩ በጤዛ ርሷል። ቆርቆሮው ግን... ይሞቃል። የሚያቃጥል አይደለም። ሰው ተደግፎት ያደረ ግድግዳ እንደሚሞቀው ነው የሞቀው።

አወቀ ጋሪውን አዞረ።

"የት ነው?"

"የትናንቱን ብረት ነው ዛሬም የምጭነው። አላወቅሁ መስሎሽ ነው? እኔ ልጆች አሉኝ፣ እህቴ።"

ባዶ ጋሪውን እየነዳ ሄደ።

ዓርብ ረፋድ ላይ እናቷ ጋ ደወለች። ስለ መንገዱ ልትነግራቸው ነበር።

"እማዬ፣ ይሄ የአባዬ ብረት..."

"እየሸጥሽው ነው?"

"አዎ። ግን..."

"አይጎድልም።"

ጥያቄ አልነበረም።

የወርቅውሃ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። "ያውቁ ነበር? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አባትሽ ብረት ሰብሳቢ መሰለሽ?" አሉ ወይዘሮ በቀለች። "አንዲት ብሎን ይዞ ገብቶ አያውቅም። ባዶ እጁን ነበር የሚመጣ። ቤቱን ስንገዛው ነው ክምሩን ያገኘነው። ሦስት ጊዜ አውጥቶ ሸጠው። በኋላ ሰለቸውና... ይጠቅማል ማለት ጀመረ። እናንተ እንዳትፈሩ ብሎ ነው።"

"ታዲያ ማን ነው የሚሞላው? መሃሉ ላይ ምን አለ? እማዬ?"

እናቷ ሲደነግጡ አገውኛ ነው የሚቀናቸው። ቶሎ ቶሎ፣ በሹክሹክታ አንድ ነገር ተናገሩ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ። አንዱንም ቃል አልያዘችውም። መልሳ ብትደውል... ዝግ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ይኸነውን ይዛ ክምሩ ላይ ወጣች።

"እንተወው፣ እታለም" አላት።

"ነገ እማዬን በየት ላሳልፋቸው ነው? በአጥሩ ልወርውራቸው?"

ቆርቆሮውን እያነሳች ወደ ኋላ ትወረውረው ጀመር። ይኸነውም ቆሞ ማየት አልቻለም፤ ገባበት። ወደ መሃል ሲጠጉ ግን ብረቱ እንደ ውዳቂ መሆኑ ቀረ። አንዱ ቆርቆሮ ባንዱ ላይ ተደራርቧል፣ ዝናብ እንዳያስገባ። ማዕዘኑ በሽቦ ታስሯል። ቋጠሮው ጥብቅ ነው።

ግድግዳ ነው።

ዙሪያውን ፈተሹ። በር የለውም።

ይኸነው አንዲት የሚስማር ቀዳዳ አገኘና ዓይኑን አስጠጋ። ቆየ።

"ምን አለ?" አለች በሹክሹክታ።

"ወለል።"

"የምን ወለል?"

"በእበት የተለቀለቀ... ዛሬ የተለቀለቀ ነው፣ እታለም። እርጥብ ነው።"

ከብት የላቸውም።

"ዲጅኖ ላምጣ" አለና ወረደ። ወዲያው የባጃጁ ሞተር ሲነሳ... ከዚያም ሲርቅ ሰማች።

ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜም ንዴቷ አልበረደም።

"ማን ነህ?" ብላ ቆርቆሮውን በቡጢ መታችው። "ውጣ! የእናቴ ቤት ነው!"



ተንበርክካ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች። ጠባብ ክፍል፤ በቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ የቀትር ብርሃን ሾልኮ ይገባበታል። እቃ የለም፤ ሰው የለም። ወለሉ ላይ ጣቶች እየዞሩ የለቀለቁበት መስመር በግልጽ ይታያል።

ከዚያ ከጎን በኩል አንድ እጅ መጣ።

እስከ አንጓው በእበት የራሰ እጅ።

አልቸኮለም። ቀዳዳዋ ላይ እበቱን አሳረፈና ደፈናት። ጨለመ። ከወዲያ በኩል አውራ ጣት ጠርዙን ቀስ እያደረገ ሲያለሰልስ፣ ሲያስተካክል ይሰማታል... ቤቷን እንደምታሰናዳ ባለሙያ ሴት።

የወርቅውሃ ዓይኗን አነሳች።

ከቀዳዳዋ ትኩስ እበት ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይተን ነበር።