መረቡን የተሻገረችው ኳስ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ጠብታ ውሸት ቢገኝበት የተራኪው ምላስ እንደ ደረቅ ዓሣ ገመድ ላይ ይሰጣ! ያላመነ ካለ ደግሞ መቶ ሃያ ፎጣ ይመስክር።

ፎጣዎቹን ያሠራው በጆንጁ ከተማ ዳር የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጠው የናም ጋዩል አባት ነው። ጋዩል ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጎልፍ መለማመጃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆና አንዲት ኳስ መታች። ኳሷ መለማመጃውን ያጠረውን ተራራ የሚያክል አረንጓዴ መረብ ተሻገረች፤ ደመናውን በስታ ወጣች፤ ከመረቡ ማዶ ካለው የጎመን እርሻ ወርዳ ትልቁን ጥቅል ጎመን ለሁለት ሰነጠቀችው። ውሾች እስከ ማግስቱ ጮኹ። አባቷም በአገሩ የደስታ ወግ መሠረት የሩዝ ኬክ አሠርቶ ፎጣ ለጎረቤቱ ሁሉ አደለ። በነጩ ፎጣ ላይ በሰማያዊ ክር «ናም ጋዩል መረቡን የተሻገረችበት ቀን» ይላል። ዛሬ በዚያ ሰፈር ፊቱን በጋዩል ስም የማያብስ ሰው የለም።

ጋዩል ስለዚያች ምት ስትጠየቅ ዝም ትላለች። «አቤት ጨዋነት!» ይላል ሰው።

እሷ ግን ጨዋነትም ኩራትም አይሰማትም። የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ሆናለች፤ ብትነክሰውም አያማትም። ጠዋት ፊቷን ታብሳለች፣ የስሟ ክር ጉንጯን ይፍቃታል፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ከሰዓት ሦስት መቶ ኳስ ትመታለች። ማታ የዶሮ ካርቶን ታጣጥፋለች። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ተመሳሳይ ናቸው።

ዛሬ ግን አሰልጣኝ ፕዮ ወደ መለማመጃው መጥተዋል። እኚህ ሰው የጎልፍ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ናቸው፤ በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ስቀዋል ይባላል፣ አንደኛውም በስህተት። ለሚመጣው ዓመት የቀራቸው አንድ የተማሪ ቦታ ነው። ለዚህች ቦታ የሚወዳደሩት ጋዩልና የክፍል ጓደኛዋ ሶራም ብቻ ናቸው። የሶራም ምት ንጹሕ ነው፣ ግን አጭር። እሷ ፈተናዋን ጨርሳ አጠገብ ባለው ምንጣፍ ላይ ቆማለች።

«ጀለሴ፣ ደመናውን እንዳትወጊው» አለች ሶራም። «ጃንጥላ አልያዝኩም።»

ጋዩል ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ እሺ አላላትም።

«በይ እስኪ» አሉ አሰልጣኙ፣ «ያንኑ ምት ድገሚልኝ።»

«ጠንከር አርገሽ፣ ልጄ!» አለ አባቷ ከኋላ። ወንድ ልጅ እንደተወለደለት ንጉሥ እጁን አጣምሮ ቆሟል። «የዶሮ መጥበሻ ቤታችን ጣሪያ ይንቀጥቀጥ!»

ዱላዋን ከፍ አደረገች። ወደ ታች ስታወርደው ያላትን ኃይል ሁሉ ጨመረችበት፤ ሰውነቷም ኃይል በጨመረች ቁጥር የሚያደርገውን አደረገ። ዳሌዋ ወደ ኳሱ ተገፈተረ። ጎንበስ ብሎ የነበረው ደረቷ ቀና አለ። ተረከዞቿ ከምንጣፉ ተነሡ። እጆቿ ማለፊያ አጥተው ከሆዷ ጋር ተጋፉ። ድምፁ የመድፍ ነበር፤ ሦስት ቀበሌ አናውጧል። ኳሷ ግን ወደ ቀኝ ተጣምማ ሄዳ የጎኑን መረብ መታችና ዱብ አለች።

«ማሟሟቂያ ናት!» አለ አባቷ።

አሰልጣኙ በስልካቸው የቀረጹትን ቀስ አድርገው አሳዩዋት፤ ዱላው ኳሱን የነካበት ቅጽበት ላይ ሲደርስ በጣታቸው አቆሙት።

«ምን ይታይሻል?»

«ቆሜያለሁ።»

«አውቶቡስ ያመለጣት ሰው መስለሻል።» የፕላስቲክ ወንበር ጎትተው መደገፊያውን ከኋላዋ አስጠጉት። «መቀመጫሽን አስነኪው። ስትመቺ ግራ ዳሌሽ ወደ ኋላ ይዙር፣ ወንበሩን ግን እንዳይለቅ። ደረትሽ እንደተደፋ ይቆይ። ኃይል ከመሬት ይመጣል እንጂ በመነሣት አይመጣም። አሁን ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብላ መታች። መደገፊያው ከግራ ዳሌዋ ጋር እንደተነካካ ቀረ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ሩቅ ባይሆንም። በመዳፏ ውስጥ የሆነች ትንሽ ነገር አለፈች፤ ሙቅ ውኃ እንደ መንካት ያለ። ምን እንደሆነች ጋዩል ሳታውቅ ጠፋች።

«አሁን ጠንከር።»

ጠንከር አደረገች። ወንበሩና እሷ በአንድ ክንድ ተለያዩ።

አሰልጣኝ ፕዮ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ስሚ፣ ልጄ። አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ። በእንዲህ ዓይነት አቋም ያን መረብ ያለፈ ሰው አላየሁም። ግን ካለፈ አለፈ ነው። አቋም አስተካክላለሁ፤ የምት ርዝመት ግን ለማንም ልሰጥ አልችልም። ያን ኳስ እውነት አሻግረሽው ከሆነ ቦታው ያንቺ ነው። ካልሆነ የሶራም ነው። አንቺ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ፣ መቀመጫሽን ግድግዳ አስነክተሽ ግማሽ ምት ትለማመጃለሽ። ከዚያ እንደገና እናያለን።»

«ይኼ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው!» አለ አባቷ። ከአንገቱ ፎጣውን አውርዶ እንደ ባንዲራ ዘረጋው። «ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን!»

«ሰፈሩን አልጠየቅሁም፣ አቶ ናም። የመታችው እሷ ናት።»

ሶራም ዱላዋን ምንጣፉ ላይ አሳርፋ ጫማዋን ታያለች። አልቀለደችም። የጆሮዋ ጫፍ ቀልቷል።

ጋዩል አባቷን አየችው። ፎጣውን የያዙት እጆቹ በዘይት ፍንጣሪ ጠባሳ ተዥጎርጉረዋል። ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር፤ ቃል እንኳ አያስፈልግም። ልቧ ይመታ እንደሆነ ጠበቀች። አልመታም፤ ወይም እሷ አልሰማችውም። ሌላ ሰው ስለ ሌላ ሰው የጠየቀ ነው የመሰላት፤ ምናልባትም ለዚያ ይሆናል መልሱ ያልከበዳት።

«አላለፈም» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ አባቷ።

«ኳሱ መረቡን አላለፈም፣ አባዬ።» ድምፅዋ ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚናገር ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «ሁለተኛ ፎቅም አልነበርኩም፤ ምድር ላይ ነበርኩ። ጠንክሬ ስመታ ሰውነቴ ተነሣ፣ ዱላው የኳሱን አናት ብቻ ላጠው። እየተንከባለለ ሄዶ ከመረቡ ሥር በቀዳዳ ወጣ። ጎመኑን የሰነጠቅኸው አንተ ነህ። ለፎቶ ስታነሣው ከእጅህ ወደቀ።»

አባቷ የዘረጋውን ፎጣ ቀስ ብሎ አጠፈው።

ጋዩል ወደ አሰልጣኙ ዞረች።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ልምጣ?»