የመውቂያው ተራ

ሊንትሌ ከእነ ፑላኔ ክምር ከመዘዘችው ዛላ የፈለፈለችውን የስንዴ ፍሬ በሁለት ጥፍሮቿ መካከል ይዛ ጫን ስታደርገው ነጭ ዱቄት አልወጣም። ቅርፊቱ ፍርክስ አለና ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ብናኝ በጣቶቿ ላይ ተበተነ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የከረመ ዓሣ ይሸታል።

«ፑላኔ፣ ይኼን አየሽው?»

ፑላኔ ነዶ ተሸክማ እየመጣች ነበር። ሸክሟን ክምሩ ሥር ጣለችና የጓደኛዋን ጣቶች አየች። አልደነገጠችም። ሊንትሌን የገረማት ይኼ ነው።

«አይቼዋለሁ» አለች ፑላኔ ቀስ ብላ። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ። እዚህም እዚያም ነው እንጂ ብዙ አይደለም። ዝም በይ።»

«አረማሞ እኮ ነው። መምህር ሌሴሊ ያስተማረን የስንዴ በሽታ።»

«ምን እንደሆነማ አውቃለሁ። ፈተናው ላይ ካንቺ የበለጠ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

የመውቂያው ማሽን በማግስቱ ጠዋት ይደርሳል። ወደ መንደራቸው ወደ ሃ ራፎሌ የሚወጣው በዓመት አንዴ ነው፤ ሰባቱ ቤቶች ስንዴያቸውን በየተራ ያስወቁና ማሽኑ ወደሚቀጥለው መንደር ይሻገራል። ዕጣ ሲወጣ አንደኛ የእነ ፑላኔ ቤት፣ ሁለተኛ የሊንትሌ አጎት ካቢ ሆኑ። ሰሞኑን ሰማዩ ከሰዓት ከሰዓት እየጠቆረ ስለነበር አንደኛ ተራ የደረሰው ሰው ስንዴውን ከዝናብ አተረፈ ማለት ነው።

«ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ይሄ ፍሬ ይፈርጣል» አለች ሊንትሌ። «ብናኙ ከኋላ የሚመጣው ስንዴ ሁሉ ላይ ይለጠፋል። ሰው ደግሞ ለዘር የሚያስቀምጠው ከዚያው ነው።»

«እብቁን ሲተፋ አብሮ ይተፋዋል።»

«አይተፋውም። ታውቂዋለሽ።»

ፑላኔ ዛላውን ከእጇ ነጠቀቻት። «አምና በጎቹን እከክ ሲይዛቸው የተባለውን ረሳሽው? መጀመሪያ የታየው እኛ በረት ስለሆነ እስከ ዛሬ በጎቹን በደጃችን የማያሳልፍ ሰው አለ። እናቴ ከሴቶች ማኅበር የቀረችው ለምን ይመስልሻል? አሁን ደግሞ ስንዴውንም የበከለችው እሷ ናት ይበሉ?»

ሊንትሌ የጠቆሩ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች።

«ለነገሩ» አለች ፑላኔ ፊቷን አዙራ፣ «እኛ ከተራው ከወጣን አንደኛ የሚሆነው ማን እንደሆነ ይገባኛል።»

ሊንትሌ የቀረውን ነዶ ሳትሸከም ወደ ቤቷ ሄደች። ንግግሩ ውስጧ ገብቶ አልወጣ አላት፤ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። እውነትም እነ ፑላኔ ከወጡ አንደኛ የሚሆነው አጎቷ ነው።

አብራው የምትኖረው ካቢ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋል። ቀና ብሎ አያት።

«ምነው፣ ፊትሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ድካሙስ ነገ ነው። ከእነ ፑላኔ ቀጥለን ገብተን ከዝናቡ በፊት እንገላገላለን። ዘንድሮ ለዘር ምርጥ ምርጡን ነው የማስቀምጠው።»

ልትነግረው አሰበችና ትታው የጆንያውን ጫፍ ያዘችለት። ካቢ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር መያዝ ግን አይሆንለትም። እራት ሳይቀርብ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ሰውም የካቢ ቤት ተራ ለመውሰድ ያወራው ነው ይላል። ዝም ብትል ደግሞ ከእነ ፑላኔ ስንዴ ቀጥሎ የሚገባው የእነሱ ነው።

መምህር ሌሴሊ ያሉት ትዝ አላት። «አረማሞ አይቸኩልም። ዘሩ ላይ ተለጥፎ አፈር ይገባል። ዘሩ ሲበቅል አብሮት ይነቃና በአገዳው ውስጥ ተሸሽጎ ይወጣል። ቡቃያውን ብታዩት ደህና ነው፤ አንዳች ነገር አትጠረጥሩም። አጨዳ ሲደርስ ነው ፍሬው መቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ እሱን የምታገኙት።»

ጠዋት ፀሐይ ተራራውን ሳታልፍ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የፑላኔን እናት ሰው ሁሉ በአክብሮት ሜ ማፑላኔ ይላቸዋል። በራፋቸው ላይ ገንፎ የበሉበትን ድስት እያጠቡ አገኘቻቸው።

«ሜ፣ ስንዴው ውስጥ አረማሞ አለ» አለች። «ትናንት አየሁት። ለአጎቴም ለማንም አልተናገርኩም። መነገር ካለበት እርስዎ እንዲናገሩት ብዬ ነው።»

ፑላኔ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሊንትሌን ያየችበት ዓይን ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስሮጣል።

ሜ ማፑላኔ ድስቱን አስቀመጡ።

«እኔ እኮ አፍንጫዬ ነው ያረጀው ብዬ» አሉ። «ሳምንቱን ሙሉ ዓሣ ይሸተኛል። በዚህ ተራራ ላይ ዓሣ ከየት ይመጣል እላለሁ። ከዚያ አንዱን ፍሬ ሰበርኩት።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች ፑላኔ።

«እኔም አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

ፑላኔ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። እናትየው እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁና ብርድ ልብሳቸውን ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዙት። ያንን የሚያደርጉት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነው።

አውድማው ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። የማሽኑ ባለቤት ኩቤሉ፣ ሰው እንደ አባት አክብሮ ንታቴ ኩቤሉ የሚላቸው፣ ሞተሩን አስነስተው የመጀመሪያውን ነዶ ይጠብቃሉ። ሜ ማፑላኔ ቀጥ ብለው ሄዱና «ያጥፉት» አሏቸው። ሞተሩ ሲጠፋ ተናገሩ። አላስረዘሙትም፤ ስንዴዬ አረማሞ አለበት፣ ከእናንተ ጋር እንዳይቀላቀል አንደኛ ተራዬን ትቻለሁ፣ ይኸው ነው።

ሊንትሌ መሬት መሬቱን አየች። አንዷ ሴትዮ ለጎረቤቷ የሆነ ነገር ልታንሾካሹክ ስትል ሽማግሌው ንታቴ ህላሌሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የእኔም ይሸታል» አሉ። «በወንዙ በኩል ያለው። ሚስቴ አይጥ ሞቶበት ነው ብላ ክምሩን ሁለት ጊዜ አስገልብጣኛለች።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቁ ገና ሳይበርድ ልታንሾካሹክ የነበረችው ሴትዮ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኛም ጋ አለ» አለች።

ንታቴ ኩቤሉ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «ዘሩን ከየት አመጣችሁት?»

«አምና እዚሁ ከተወቃው ነዋ» አሉ ሜ ማፑላኔ።

ሰውየው ማሽኑን አዩ፤ ቀጥሎ እጃቸውን። «እንግዲያው ያመጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። አምና ከሸለቆው ማዶ ስንዴ ወቅቼ፣ ዝናብ ሲያባርረኝ ሳልጠርገው ነው ወደ እናንተ የወጣሁት። ይሸት ነበር። የሞተሩ ዘይት ነው ብዬ አለፍኩት።»

ሜ ማፑላኔ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት። አምናን ሙሉ የያዙት የሚመስል ትንፋሽ ነበር። ፑላኔ የእናቷን ክንድ ያዘች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። መምህር ሌሴሊ ተጠርተው መጡና ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨው በጠበጡ። ከሜ ማፑላኔ ስንዴ አንድ እፍኝ በእጃቸው ፈልፍለው ሲጨምሩበት ደህናው ሰመጠ፣ አረማሞ የያዘው ተንሳፈፈ። «የተንሳፈፈውን ቅበሩት። የሰመጠውን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ አድርቁና ብሉት» አሉ። «ለዘር ግን አታስቀምጡ። ለዘር በመድኃኒት የታሸውን አብረን እንፈልጋለን።» የሚሸተው ስንዴ በመጨረሻው ቀን እንዲወቃ፣ ማሽኑም ታጥቦና ተጠርጎ እንዲወርድ ተስማሙ።

«ካቢ፣ አንደኛ አንተ ነህ» አሉ ንታቴ ኩቤሉ ሞተሩን እያስነሱ።

ካቢ ነዶ ለማንሳት እጁን አፋተገ። ደመናው ከተራራው ጫፍ ብቅ ብሏል። ፑላኔ ሊንትሌን አየቻት፤ ሊንትሌም አስተያየቱ ውስጥ የትናንቱን ንግግር አየች።

«የእኛን ገና አልፈተሽነውም» አለች ለአጎቷ።

«የእኛማ ንጹህ ነው» አለ ካቢ። «ብታዪው ወርቅ ነው።»

«የእነሱም ወርቅ ይመስላል።»

ክምሩ ሥር ቁጢጥ አለችና ከመካከል አንድ ዛላ መዘዘች። ፑላኔ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ይቅርታም ሌላም አላለችም፤ እሷም አንድ መዘዘች።

«ከተገኘስ?» አለ ካቢ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወደ ኋላ እንሰለፋለና።»

የመጀመሪያውን ፍሬ ሰበረችው። ነጭ ነው። ሁለተኛውም ነጭ። ካቢ ደመናውን አየ፣ ክምሩን አየ፤ ከዚያ ንታቴ ኩቤሉን ሞተሩን እንዲያጠፉ በእጁ ምልክት ሰጣቸውና ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ።