ሁለቱ ድፍርስ ጠርሙሶች

ሬሳው በቤተ ሙከራው ወለል ላይ፣ በሁለት ረዣዥም ጠረጴዛዎች መካከል በጀርባው ተዘርግቷል። የጭንቅላቱ ግራ ጎን ሰርጉዷል፤ መንጋጋው ተሰብሮ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ፊቱን ሊከላከል የዘረጋቸው የቀኝ እጁ ጣቶች ተቀጥቅጠዋል። ከራስጌው የወደቀው፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ የሚታሰርበት ከባድ የብረት ማቆሚያ ጠርዙ ላይ ደምና ጠጉር ይዟል።

ኢንስፔክተር ባንቺዓለም ተጠርታ ሞጣ ወዳለው ኮሌጅ ስትደርስ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ምንም ሳትነካ በሩ ላይ ቆማ ብዙ ተመለከተች። ሟቹ የኔሰው ይባላል፤ የቢቸና ልጅ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ነው። እሱና ጓደኛው ደሴ በጠዋቱ ሚኒባስ በደብረ ወርቅ በኩል የመጡት የሞጣን ተማሪዎች ሊያገኙና አንድ ሌሊት ሊያድሩ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ዘረ መሉን እየቀየሩ ባክቴሪያን አዲስ ሥራ ያስተምራሉ፤ በየሁለት ወሩም እየተገናኙ የደረሱበትን ይለዋወጣሉ። የቢቸናዎቹ ባክቴሪያ የአረም መድኃኒት የገባበት የጉድጓድ ውሃ ሲያገኝ ሐምራዊ ይሆናል።

መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ወረቀት ተነጥፏል። ከዚያ የሚነሳው ሽታ አፍንጫ ያቃጥላል።

«በረኪና ነው» አለ አብሯት ያለው ሳጅን። «ደሙን ሊያጥብ ሞክሮ ነው።»

ባንቺዓለም ወረቀቱን በብዕሯ ጫፍ ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ደም የለም፤ «2» የተጻፈበት የጠርሙስ ስባሪና ድፍርስ ፈሳሽ ብቻ ነው ያለው። ደሙ አራት እርምጃ ወዲያ ነው፤ ማንም አልነካውም። በሩ አጠገብ ደግሞ «1» የተጻፈበት ሌላ ጠርሙስ ተሰብሮ፣ የዚያኑ ዓይነት ፈሳሽ ሰፊ ቦታ ይዟል። እሱ ላይ ወረቀትም በረኪናም የለም። የበረኪናው ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ ግማሹ ገና አለ።

የኔሰውን ወድቆ መጀመሪያ ያገኘው የሞጣው ቡድን አባል ሙሐመድሸሪፍ ነበር። ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ እስከ ክርኑ በደም ተነክሮ ስላገኙት ወዲያው ተይዞ ጣቢያ ገብቷል።

አስር ሰዓት ላይ የሟቹ ታላቅ ወንድም ስንሻው ከቢቸና ደረሰ። ሙሐመድሸሪፍን በጣቢያው ግቢ ሲያሳልፉት አየና በሽመሉ ክንዱን መታው፤ የአጥንቱ ድምፅ እስከ አጥሩ ተሰማ። ሁለተኛው ምት ጆሮውን ተረተረው። ሦስተኛውን ሲያነሳ ባንቺዓለም መሃል ገባች።

«መጀመሪያ እኔን ምታ።»

«ዞር ይበሉልኝ! ወንድሜን እንደ እባብ ቀጥቅጦ ነው የገደለው!»

«ሲገድለው አየህ?»

«ደሙን አየሁት!»

«ደሙ የነካውን ነው ያየኸው፤ ያፈሰሰውን አላየህም።»

ስንሻው ሽመሉን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው ያፈሰሰውን ያምጡልኝ። ካላመጡ ሰኞ ፍርድ ቤት ስትወስዱት መንገድ ላይ ነኝ። ከሁላችሁም መሃል አውጥቼ እጥለዋለሁ።»

እንደማይቀልድ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ባንቺዓለም ያላት ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሙሐመድሸሪፍን ክንዱ እየታሰረለት ጤና ጣቢያ ውስጥ አነጋገረችው።

«ጠዋት ከየኔሰው ጋር ተጨቃጭቃችኋል ይባላል።»

«እውነት ነው። ‹የራሳችሁን ደብቃችሁ የእኛን ልትቀዱ ነው የምትመጡት› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ቆይ፣ ታፍራለህ› አለኝ።»

«አሳፈረህ?»

«አሳፈረኝ። ስብሰባው ላይ ተነስቶ የባክቴሪያውን አሠራር በሙሉ እንደሚሰጠን ተናገረ። አዲስ አበባ ለሚደረገው ውድድርም በአንድ ስም እንቀርባለን አለ። አቅፌው ነው ለምሳ የወጣሁት።»

«ደሙስ?»

«ሰው ወድቆ ዝም ብዬ ልየው?»

የሞጣው ቡድን መሪ ኸይራት ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ምላሷ ግን አልደከመም።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ቤቴ ሰግጄ ምሳ በላሁ። እናቴን ይጠይቋት። ከሄዱ ግን ሳይበሉ አይወጡም።»

«ጠርሙሶቹ ምንድን ናቸው?»

«የከሰዓቱ ውድድር። በአንዱ ሕያው ባክቴሪያ አለ፤ በሌላው ያው ባክቴሪያ ተቀቅሎ የሞተ። ሁለቱም ድፍርስ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ሕያው የትኛው እንደሆነ እኛ የሞጣዎቹ በራሳችን መመርመሪያ ልንለይ ነበር። ቲቸርም አያውቁም፤ መልሱ የኔሰው ፈርሞ ባሸገው ፖስታ ውስጥ ነው።»

«በአንድ ስም መቅረቡን ሁሉም ወደደው?»

«ከሁላችንም ረዝሞ ያጨበጨበው ደሴ ነው። እጁ እስኪቀላ!»

ቡድኑን የሚያሠለጥነው መምህር ባንተአምላክ ስልኩን ከእጅ እጅ ያቀያይራል። እጆቹ በረኪና ይሸታሉ።

«ጠዋት ጠረጴዛ አጽድቼበት ነው» አለ ሳትጠይቀው። «በረኪናው ያለበትን ቁምሳጥን የምቆልፈው እኔ ነኝ። ዛሬ ክፍት ትቼው ወጣሁ።»

«ባክቴሪያ ቢፈስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ወረቀት ማልበስ፣ በረኪና ማፍሰስ። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው፤ ከዚያ በኋላ እጅ ራሱ ያደርገዋል።»

ደሴ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮራምቷል። የለበሰው ጥቁር ሱሪ የተተኮሰበት መስመር ገና አልጠፋም።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው።»

«ምሳ ሰዓት?»

«መናኸሪያ ሄጄ የነገውን መመለሻ መኪና ስጠይቅ ነበር።»

«የጠርሙሶቹን ነገር ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅ! ትናንት ቢቸና አንዱን በእንፋሎት ድስት የቀቀልኩት እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ፖስታውን ያሽግ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። በረኪናውን ያወጣው ሰው ደሙን ሊያጥብበት ነው። ቁምሳጥኑን የሚያውቁት ደግሞ የሞጣዎቹ ናቸው።»

«ደሙን ሊያጥብበት ነው ትላለህ?»

«ሌላ ምን ያደርግለታል?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወለሉ ላይ ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። ስንሻው ሽመሉን በር ላይ ተቀብለውት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሙሐመድሸሪፍ የተሰበረ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በደህና እጁ ከሳጅኑ ጋር በካቴና ታስሯል።

«የተሳሳትንበትን ልናገር» አለች ባንቺዓለም። «በረኪና ሲሸተን ገዳዩ ደም ሊያጥብ ሞከረ አልን። ደሙ ግን አልተነካም። በረኪናው የፈሰሰው ቁጥር ሁለት ጠርሙስ ላይ ብቻ ነው፣ ወረቀት ለብሶ። ከውጭ የገባ ሰው ቢሆን በሩን ከፍቶ ይሮጥ ነበር።»

«እንግዲያው ከእኛ አንዱ ነው» አለች ኸይራት።

«ከእናንተ አንዱ ነው። አሁን አንቺን ልጠይቅ። ሁለቱም ጠርሙሶች ፈሰሱ፤ ሕያው የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሁለቱም ላይ አፈሳለሁ።»

«በረኪናው ካልበቃሽስ?»

«ግማሽ ጠርሙስ ተርፎ!»

«ጊዜ ቢያጥርሽስ?»

ኸይራት አሰበች። «በሩ አጠገብ ካለው እጀምራለሁ። ሰው ሁሉ የሚረግጠው እሱን ነው።»

«ገዳዩ ግን የበሩን ትቶ መስኮቱ ሥር ሄደ። የበሩ ማንንም እንደማይጎዳ ያውቃል።» ባንቺዓለም ፖስታውን አወጣች። «መምህር፣ ማሸጊያው ተነክቷል?»

«አልተነካም።»

«ይክፈቱት።»

ባንተአምላክ ወረቀቱን ዘረጋ። «‹ሕያው፦ ቁጥር 2› ይላል።»

«ምን ማለት ነው?» ሲል ስንሻው ጠየቀ።

«ገዳዩ ከሞጣዎቹ ማንም የማያውቀውን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ወንድምህ ነው።»

ሁሉም ወደ ደሴ ዞሩ።

«በዕድል ነው!» አለ ደሴ። «ከሁለት አንዱን ማግኘት ምን ይገርማል? ማንም ያገኘዋል!»

«ይሁን። ትናንት ጠዋት በኸይራት ስልክ ሁላችሁም ፎቶ ተነስታችኋል። አንተ ሰማያዊ ጂንስ ለብሰሃል። ከሰዓት ሳናግርህ ጥቁር ሱሪ ነበር። ጂንሱን ለአዳር በተሰጣችሁ ክፍል ፍራሽ ሥር አገኘነው። ጉልበቱ በደም ተነክሯል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በረኪና የነካው ነጭ ነጠብጣብ አለ።»

ደሴ ከጠረጴዛው ምላጭ አነሳ። በነፃ እጁ ሊይዘው የሞከረውን ሳጅን መዳፉን ሰንጥቆ ወደ በሩ ሲዘል ስንሻው አንገቱን አነቀው። ፊቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አንዴ፣ ሁለቴ አጋጨው፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ባንቺዓለም ሽጉጧን አወጣች። «ስንሻው! ልቀቀው። አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ሰብረሃል፤ በቃ።»

ያነቀው እጅ ቀስ ብሎ ተፈታ። ደሴ ደም እየተፋ መሬት ተቀመጠ።

«ባክቴሪያውን ሦስት ዓመት ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ ማውራት ብቻ ነው ሥራው። ብቻችንን ስንሆን ‹ስምህ ከሁላችን ስም አንዱ ይሆናላ› አለኝ፣ እየሳቀ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር። እሱም ጠርሙሶቹን ይዞ ነበር፤ ስመታው ወዲያና ወዲህ ተወረወሩ።»

«በረኪናውስ?» አለ ባንተአምላክ።

«ፈሶ መተው አልቻልኩም።» ደሴ ራሱም የገረመው ይመስላል። «እሱ እያቃሰተ እኔ ወረቀት አለብስ ነበር።»

ደሴን አስወጡት። ሳጅኑ በደማው እጁ የሙሐመድሸሪፍን ካቴና ፈታ። ስንሻው መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«ክንድህን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እከስሃለሁም።»

«ክሰሰኝ።» ስንሻው አልሄደም። «እያቃሰተ ነበር አለ። ስትደርስ ነፍሱ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ታዲያ ብቻውን…»

«ብቻውን አይደለም» አለ ሙሐመድሸሪፍ። «ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። እጄን እስኪለቅ ድረስ አልተነሳሁም።»

ስንሻው ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።