መድፍ ያላስደነገጣት ሕፃን

በ፲፱፻፵፰ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ፳፫ ቀን፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት በመላው አገሪቱ ሲከበር፣ ድሬዳዋም ከለገሃር እስከ ደቻቱ ወንዝ ዳርቻ በባንዲራና በዘንባባ አጊጣ ዋለች፤ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር የጦር ሠራዊት ሰልፈኞች፣ የተማሪ ቤት ልጆች፣ ጥምጣማቸውን ያሳመሩ የመጋላ ገበያ ነጋዴዎችና የግሪክ ባለ ሱቆች ተቀላቅለው ይተላለፉ ነበር። ከዕለቱ መርሐ ግብር አንዱ የከተማይቱ ወይዛዝርት ያሰናዱት፣ ዓመት ያልሞላቸው ጤናማ ሕፃናት የሚወዳደሩበት ትርዒት ነበረ።

ከተወዳዳሪዎቹ እናቶች መካከል ወይንሸት ገብረወልድ ትገኝ ነበር። አባቷ ግራዝማች ገብረወልድ በጠላት ዘመን በጋራ ሙለታ ተራራ የተዋጉ አርበኛ፣ በኋላም በጉምሩክ የተሾሙ ባለ ማዕረግ ነበሩ፤ ባሏ ሀብተ ማርያም ግን የባቡር ብረት ቀጥቃጭ ስለሆነ ግራዝማች ጋብቻውን ልባቸው ሳይፈቅድ ነበር የመረቁት። ወይንሸት የመጀመሪያ ልጇን ገና አንገቱን ሳያጸና በወባ ቀብራዋለች። ስለዚህም ሁለተኛዋ ልጅ ሮማንወርቅ ስትወለድ፣ እናቲቱ የሕፃኗን ዕድገት ሁሉ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምትጠብቀው፤ በጥር ፈገግ ስትል አለቀሰች፤ በየካቲት አንገቷን ስታጸና ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች፤ ልጅቱም ተገላበጠች፣ ተቀመጠች፣ በክረምቱም ዳዴ እያለች የጎረቤት ደጃፍ ድረስ መሄድ ጀመረች። ጥርሶቿም በጊዜያቸው ወጡ። ባቡሩ በቤታቸው ጀርባ እየጮኸ ሲያልፍ እንኳ ከእንቅልፏ አትነቃም ነበርና፣ ሰፈርተኛው «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» እያለ ያደንቃት ነበር። በግንቦት እንደ ርግብ ታጉረመርም የነበረች ልጅ ከነሐሴ ወዲህ ዝም ዝም እያለች መምጣቷንም ወይንሸት አስተውላለች፤ ዳሩ ግን እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ማለቷ መስሏት ነበር።

በትርዒቱ ሥፍራ አንድ ግሪካዊ ሐኪም ሕፃናቱን እየመዘነ፣ ጉልበታቸውንና ዓይናቸውን እየመረመረ አለፈ። ሮማንወርቅ በእናቷ ጭን ላይ ቆማ የነጠላዋን ጥለት ትጎትት ነበር። ግራዝማችም ካባቸውን ደርበው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

በዚህ መካከል ከጦር ሰፈሩ ጉብታ ላይ የክብር መድፍ ተተኮሰ።

ምድሪቱ ተናወጠች፤ ርግቦች ከጣሪያ ላይ ግር ብለው ተነሡ፤ ሕፃናቱም ሁሉ በአንድ ጊዜ ክንዳቸውን ዘርግተው ጮኹ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ደረታቸው ውስጥ ሸሸጉ። ሁለተኛው ተተኮሰ፤ ልቅሶው ባሰ። ሮማንወርቅ ብቻ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ ጥለቱን መጎተቷን ቀጠለች። ሕዝቡ ይህን ባየ ጊዜ በሳቅና በጭብጨባ አደባባዩን ሞላው። ግራዝማችም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ የአርበኛ ዘር መሆኗን መድፉ ራሱ መሰከረ ሲሉ፣ ከዳኞቹ መካከል ትልቂቱ ወይዘሮ ወዲያውኑ የሽልማቱን ሐር ጥብጣብ በሕፃኗ ደረት ላይ አሰረችላት።

ያን ጊዜ ግን ያጨበጨበው ሕዝብ ያላየውን ወይንሸት አየች፤ ባቡሩን፣ እንቅልፉን፣ ከነሐሴ ወዲህ የነበረውን ዝምታ፣ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት አየች። ቀና ስትል ከሐኪሙ ጋር ዓይን ለዓይን ተገናኙ፤ እርሱም ማጨብጨቡን ትቶ ነበር።

ልጅቱን ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዙራ ያዘቻትና፣ ከጀርባዋ ሆና በሙሉ ጉልበቷ ስሟን ጠራች። ሕፃኗ አልዞረችም። ደግማ ጠራች። ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየከሰመ ሄደ።

ግራዝማች ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዝም በይ ልጄ፤ ሰው ይሰማል» አሏት።

«ሰውማ ይሰማል አባቴ» አለች ወይንሸት፤ «የማትሰማው እሷ ናት።»

ግራዝማች ካባቸውን ሰብስበው ሰልፈኛውን እየጣሱ ሄዱ፤ እስከ ገና ድረስም የልጃቸውን ደጃፍ አልረገጡም። ሐኪሙ በማግሥቱ ቤት ድረስ መጥቶ ሕፃኗን ደኅና አድርጎ መረመረ፤ ከልደቷ ጀምሮ መስማት የማትችል መሆኗን፣ የማይሰሙ ሕፃናትም በመጀመሪያ እንደሚያጉረመርሙ፣ እርሱም የሚያውቀው መድኃኒት እንደሌለ ነገራቸው። ሀብተ ማርያም የሰማውን መቀበል አቃተው። ለዓመታት ሲወርድ የኖረው መዶሻ የራሱን ጆሮ አደንዝዞት ስለነበር፣ የልጁን ዝምታ ከራሱ ዝምታ መለየት አልቻለም ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

ከሁሉ ይልቅ ወይንሸትን ያስደነገጣት ግን የጎረቤቷ የሃሊሞ ነገር ነበር። ሃሊሞ ባሏ በጅቡቲ መንገድ የሚነግድ የሱማሌ ሴት ስትሆን፣ ወይንሸት ገበያ ስትወጣ ሮማንወርቅን የምትይዝላት እርሷ ነበረች።

«እኔ በክረምት አውቄአለሁ» አለቻት መሬት መሬት እያየች። «የእኔ ወንድም እንደዚህ ነበር። ስጠራት አትዞርም፤ ጥላዬን ስታይ ነው የምትስቅ። ወላሂ፣ ልነግርሽ መጥቼ ተመለስኩ። አንዱን ቀብረሽ፣ በዚህችኛዋ ደስ ብሎሽ እያየሁ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ወይንሸት ብዙ ቀን አላነጋገረቻትም። በኋላ ግን ቂሙ ለልጅቱ እንደማይረባ ባየች ጊዜ፣ ራሷ ደጇን አንኳኩታ ወንድሟን ውኃ፣ ወተት፣ ነይ፣ ተኛ በምን በምን ምልክት ያናግሩት እንደነበር እንድታሳያት ለመነቻት፤ ሃሊሞም እያለቀሰች አሳየቻት። ሀብተ ማርያምም ከሥራ ሲመለስ በዚያው በጠቆረ እጁ ተማረ።

ሮማንወርቅ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የአልጋውን ቋሚ ለቀቀች። እናቶች ሁሉ በዚያ ሰዓት «ድክ ድክ» እያሉ ልጃቸውን ይጠራሉ፤ ወይንሸት ግን ተንበርክካ መዳፏን ወደ ደረቷ ሳበች። ልጅቱ ያንን እጅ ትክ ብላ እያየች ተንገዳግዳ መጣች።

ከዚያ በኋላ ዘመን አለፈ፤ ሮማንወርቅም አድጋ በመጋላ ስሟ የተጠራ ልብስ ሰፊ ሆነች። በበዓሉ የነበሩ ሽማግሌዎች ስለዚያ ቀን ሲያወጉ፣ መድፍ ያላስደነገጣት አንዲት የአርበኛ የልጅ ልጅ እንደነበረች በኩራት ይተርኩ ነበር፤ እናቲቱ በአደባባይ የተናገረችውን ግን አንዱም አያነሣውም። ሕዝብ ደስ ያለውን ያስታውሳል፤ ያሳፈረውን ለባለቤቱ ይተዋል። ሮማንወርቅም ስለ ጀግንነቷ የሚወራውን አንዲት ቃል ሳትሰማ ኖረች።