ውሻ ስንት ቀን ይቆያል?

«ሁለት መቶ ላይክ አለፈ» አለች ኑሪዛ፣ ስልኳን አይዳይ አፍንጫ ሥር እየደቀነች። «አንቺ ልጅ፣ መድረኩን ቀውጢ አደረግሽው እኮ።»

አይዳይ ሳቋ አመለጣት። የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ሁለቱ ጓደኛሞች መስኮቱ ሥር ያለውን የማሞቂያ ቱቦ ተደግፈው ቆመዋል። በተራሮች የተከበበችው የናሪን ከተማ ሰው ስለ መንገድም ስለ መብራትም ስለ ጎረቤትም የሚጨቃጨቀው «የሸለቆው መድረክ» በሚባለው ገጽ ላይ ነው። እዚያ ላይ ትናንት ከሰዓት በኋላ «ካሲም61» የሚባል ሰው እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ «ውሻ ታስሮ ያለ ምግብ ስንት ቀን ይቆያል? በዚህ ብርድ።»

መጀመሪያ የመለሰችው አይዳይ ነበረች። መድረኩ ላይ ስሟ «ነብሪት» ነው። «አንተን አስረን እንሞክረውና ቁጥሩን ራስህ ትነግረናለህ» ብላ ጻፈችለት። ሰውየው ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ «ልጄ፣ ስድብ አልጠየቅሁም። ቁጥሩን ብቻ ንገሩኝ» ሲል መለሰ። ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ያየው ሁሉ እንደ ንብ ሰፈረበት።

ቁጥሩን አይዳይ ታውቀው ነበር። የእንስሳት ሐኪም መሆን ስለምትፈልግ፣ አክስቷ የእንስሳት ሕክምና የተማሩበትን አሮጌ መጽሐፍ ወርሳ ስለ ውሻ የሚያወራውን ክፍል በቃሏ ልትይዘው ምንም አልቀራት። ጤነኛ ትልቅ ውሻ፣ የሚልሰው በረዶ ካገኘ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ግን እንዲህ ላለ ጨካኝ ማን ይነግረዋል?

ኑሪዛ የሰውየውን ፎቶ አሰፋችው። «ቆይ፣ ይቺን ኮፍያ አላወቅሻትም?»

አንድ ጆሮዋ የተቀደደ የበግ ቆዳ ኮፍያ ናት። የትምህርት ቤታቸውን ማሞቂያ ምድጃ በከሰል የሚያነዱት ሽማግሌ፣ የካሲማሊ ኮፍያ። አይዳይ አላመነታችም። «ይሄ ሰው የእኛ ትምህርት ቤት ምድጃ ሠራተኛ ነው» ብላ ጻፈች። ደወሉ ሲደወል ላይኩ ሁለት መቶ ሃምሳ ደርሶ ነበር።

በሳምንቱ ወላጆች ካሲማሊ ይባረሩ ብለው ተፈራርመው ለርእሰ መምህርቷ ደብዳቤ አስገቡ። ጥያቄው መድረኩ ላይ በወጣ በዘጠነኛው ቀን አይዳይ በምድጃ ቤቱ በኩል ስታልፍ በሩ ላይ በጠመኔ፣ በትልልቁ የተጻፈ ነገር አየች። ፎቶ ልታነሳው ስልኳን ስታወጣ ካሲማሊ እርጥብ ጨርቅና ባልዲ ይዘው ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ነይ እስቲ፣ የኔ ልጅ» አሏት። «መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው። ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ አባባ።»

«ይሄን ሁሉ ጽፈው ምንም አይልም? አንብቢው ግድ የለም፣ አልቆጣም።»

«ውሻ ገዳይ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ አልተሳሳቱም» አሉና በሩን መጥረግ ጀመሩ።

አይዳይ መሄድ ነበረባት። ግን ቆመች። «ገደሉት እንዴ?»

«ከልጄ ጋር ድርቆሽ ልንጭን ተራራው ላይ ወዳለችው ጎጆ ወጣን። እዚያው ልጄ ሆዴን ብሎ ወደቀ፤ ትርፍ አንጀት ኖሯል። እሱን መኪና ላይ ጭኜ ሐኪም ቤት ስሮጥ ውሻዬን አክቶሽን በሰንሰለቱ እንደታሰረ ረሳሁት። ነገ እመለሳለሁ ስል በረዶ ተንዶ መንገዱን ዘጋው።» ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክረው ጨመቁት። «ጎረቤቴ ፈረስ አለው። በፈረስ በላይኛው በኩል ይወጣል። ግን ‹እስካሁን ሞቷል፣ ለሬሳ ብዬ ፈረሴን ገደል አልከትም› አለኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ዋና ከተማ፣ ቢሽኬክ ሄዷል። አንድ የሚያውቅ ሰው ‹አልሞተም፣ ይቆያል› ቢለኝ ለጎረቤቴ አሳየዋለሁ ብዬ እዚያ ስልኩ ላይ ጠየቅሁ።»

«ከዚያስ?»

«ስድቡን ጎረቤቴም አነበበዋ። ‹ለካ ሆን ብለህ ነው ያስራብከው› አለና በሩን ዘጋብኝ።»

«መንገዱ ግን ተከፍቷል አይደል?»

«ትናንት። ከታሰረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን።» ካሲማሊ መጥረጋቸውን አቆሙ። «ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ በረዶውን ልሶ ልሶ መሬቱ ወጥቷል። ከሞተ ብዙ አልቆየም፤ ሰውነቱ ገና አልደረቀም ነበር።»

ግቢው ውስጥ ልጆች በበረዶ ይወራወራሉ። አይዳይ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ነብሪት የምትባለው እኔ ነኝ» አለች።

እዚያ ላይ ብታቆም ይበቃት ነበር፤ የቀረውን ማንም አያውቅባትም።

«ቁጥሩንም አውቀው ነበር» አለች።

«ስንት ነበር?»

«እስከ ሁለት ሳምንት።»

ካሲማሊ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣሉት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ደወል ተደውሏል» አሉ፣ «ክፍልሽ ግቢ።» ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት። የጽሑፉ ግማሽ ገና አልጠፋም ነበር።

አይዳይ ክፍል አልገባችም። ወደ ርእሰ መምህርቷ ቢሮ ሄዳ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች። ርእሰ መምህርቷ እትዬ ቡሩልካን እስክትጨርስ ሰሟትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ? ሰባ ወላጅ ፈርሟል። እያንዳንዱን እየጠራሁ የውሻ ታሪክ ላስረዳ?»

«እኔ አስረዳቸዋለሁ።»

«ካሲማሊም ራሱ በቃኝ ብሏል። ዛሬ ጠዋት መልቀቂያ አስገባ። ነገ ሌላ ሰው ይመጣል።» ወረቀታቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ሂጂ ተማሪ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አይዳይ እውነቱን በነብሪት ስም መድረኩ ላይ ጻፈችው፤ በረጅሙ፣ የራሷንም ጥፋት ሳትደብቅ። ተራራው፣ የልጁ ሕመም፣ ፈረሱ፣ ሁሉም አለበት። አንዱ «ዘመዱ ነሽ አይደል?» አላት። ሌላው «ሰንሰለት ላይ ረስቶት የሄደውስ ማን ነው?» አለ። «ነብሪት ድመት ሆነች» ያለው ሰው መቶ ላይክ አገኘ። ከዚያ በታች ሁለት ሰዎች መንገዱን ማን በጊዜ መጥረግ እንደነበረበት ሲሰዳደቡ አመሹ።

በማግስቱ ተማሪው ሁሉ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። አዲሱ ሠራተኛ የምድጃውን አመል ገና አልለመደውም፤ ቱቦዎቹ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። መምህሩ ገና አልመጡም። ኑሪዛ ወንበሯን ወደ አይዳይ አስጠጋችና የምትጽፈውን አየች።

«ስምሽን? እውነተኛ ስምሽን ልታወጪ ነው?»

«አዎ።»

«አብደሻል? ነብሪት ማን እንደሆነች የምናውቀው እኔና አንቺ፣ እሳቸውና እትዬ ቡሩልካን ብቻ ነን። በእሳቸው ላይ እንደወረዱት ነው የሚወርዱብሽ። ደግሞስ ለእሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ሥራቸው ሄደ፣ ውሻውም ሞተ።»

«አይጠቅማቸውም» አለች አይዳይ።

«ታዲያ?»

አይዳይ መጻፏን ቀጠለች። ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው ሁለት ጊዜ ፊደል ሳተች፤ አረመችው። «ነብሪት እኔ ነኝ። አይዳይ ኤሰንቤኮቫ፣ ዘጠነኛ ለ።» ላከችው።

ከኋላ መቀመጫ አንድ ስልክ ነዘረ። ትንሽ ቆይቶ በመስኮቱ በኩል ሌላ። አንድ ልጅ ዞሮ አያት፤ አጠገቡ ያለችውም ዞረች። አይዳይ ስልኳን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደብተሯን ገልጣ የዕለቱን ቀን ጻፈች።